«ገባችሁ?» «አዎ!»፦ ከማስተማርና ከሥራ ዘመናችሁ ምን ተረፋችሁ?

ጠመኔ (ክሩን የከፈቱ)

ሰላም ለዚህ ቤት። በቅርቡ ጡረታ የወጣሁ የፊዚክስ መምህር ነኝ። ዕድሜዬን ከጣና ዳር ሳልርቅ ነው ያሳለፍሁት፤ ዘጌ በኩልም፣ ባሕር ዳር ከተማ ውስጥም አስተምሬአለሁ። ጡረታ የወጣ ሰው ወሬ ይበዛበታልና ታገሡኝ።

ሰሞኑን ከድሮ ባልደረቦቼ ጋር ቡና ስንጠጣ አንዱ «ከዚህ ሁሉ ዘመን ምን ተረፈህ?» አለኝ። እንደ ወጉ ትዕግሥት፣ ፍቅር፣ ምናምን አልሁ። ቤት ገብቼ ሳስበው ግን እውነት የተረፈኝ ከዚያ በጣም የጠበበ ነገር ነው፤ «ገባችሁ?» ብሎ የሚጠይቅ መምህር ምንም እንዳልጠየቀ።

ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። መምህሩ ሰሌዳውን ይሞላል፣ እጁ ላይ ያለውን ብናኝ እያራገፈ ይዞራል፣ «ገባችሁ?» ይላል። ሰማንያ ልጅ በአንድ አፍ «አዎ!»። ጣሪያው ቆርቆሮ ከሆነማ አይጣል ነው። መምህሩ ረካ፣ ልጆቹ ተገላገሉ፣ ወደ ቀጣዩ ርዕስ። ልጆቹ ዋሹ ማለቴ አይደለም። «እንዴት አደርህ?» ሲሉህ ወገቤን አሞኝ አደርሁ ብለህ አትዘረዝርም፤ «እግዚአብሔር ይመስገን» ብለህ ታልፋለህ። የክፍሉም «አዎ» እንደዚያ ያለ ሰላምታ ነው።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። ዘጌ በኩል ሳለሁ ስለ መንሳፈፍ ሳስተምር የአርኪሜዲስን ሕግ ሰሌዳ ላይ ጻፍሁ፤ ውኃ ውስጥ የገባ አካል ገፍቶ ያስለቀቀውን ውኃ ክብደት በሚያክል ኃይል ወደ ላይ ይገፋል። አስደገምኋቸው፤ «ገባችሁ?»፣ «አዎ!»። ደወሉ እስኪደወል ትንሽ ቀርቶ ስለ ነበር ጊዜ ለመግፋት ያህል፣ «የደንገል ታንኳ አዲስ ሲሆንና ሲሰነብት እኩል ይንሳፈፋል?» ብዬ ወረወርሁ። ጸጥ አሉ። ሕጉን በቃሉ የሚወጣው የክፍሉ አንደኛ እንኳ አቀረቀረ። ከግድግዳው ሥር፣ ለሽልማት ስሙ ተጠርቶ የማያውቅ ልጅ እጁንም ሳያወጣ «ታንኳ ውኃ ይጠጣል» አለ።

«እና?» አልሁት።

«ሲጠጣ ይከብዳል፤ ዝቅ ብሎ ነው የሚሄደው። አባቴ ሲመለስ ዳር አውጥቶ ያቆመዋል፣ እንዲንጠፈጠፍ። ካላቆመው ነገ እንጨቱን ሁሉ አይችለውም።»

የዘጌ እንጨት በታንኳ ተጭኖ ባሕር ዳር ገበያ እንደሚወርድ የሚያውቅ ልጁ ያለው ይገባዋል። የደንገል ግንድ ውስጡ አየር የቋጠረ ስለሆነ ነው የሚንሳፈፈው። አየሩን ውኃ ሲተካው ታንኳው ራሱ ይከብዳል፤ ያንን ክብደት የሚያክል ውኃ ለማስለቀቅ ደግሞ ይበልጥ መጥለቅ አለበት፤ ስለዚህ ለጭነት የሚተርፈው ያንሳል። ልጁ ሕጉን እስከ ገበያው ድረስ ወስዶ ነገረኝ። ሌሎቹ ደግሞ ሕጉን በቃላቸው ይዘው ታንኳው ላይ ሲደርሱ ቆሙ። «ገባችሁ?» ሲባል ግን የሁሉም «አዎ» አንድ ነበር።

ከዚያ ወዲህ «ገባችሁ?» እየቀነስሁ፣ «ንገሩኝ እስቲ» እያበዛሁ ሄድሁ። እናንተስ? መምህር መሆን ግድ አይደለም፤ ሥራ ያስተማራችሁ ሁሉ ግቡበት።

የኋላ_ወንበር

ጋሼ፣ ይኼ ስለኔ ነው የተጻፈው። «አዎ» ባዩ እኔ ነኝ።

እኔ የፕላዝማ ትውልድ ነኝ። በ1997 ግድም ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት በቴሌቪዥን ሆነ ሲባል እልል ተብሎ ነበር። ስክሪኑ ላይ ያለው መምህር በእንግሊዝኛ እየፈጠነ ይሄዳል፣ ጥያቄ ያወጣል፣ ሰዓቱ እየቆጠረ ጥቂት ይጠብቃል፣ ከዚያ «ቬሪ ጉድ!» ይለናል። ማንም አልመለሰም እኮ! ገና ጥያቄውን እየገለበጥን ነበር። የራሳችን መምህር ጥግ ቆሞ እንደኛው ያያል። መብራት የጠፋ ቀን ደግሞ ትምህርቱም አብሮ ጠፋ፤ እውነት ለመናገር በጣም የተማርነው ያን ቀን ነው፤ መምህሩ ጠመኔውን አንሥቶ «የቱ ጋ ነው የጠፋባችሁ?» ይላላ።

አሁን አዲስ አበባ ቢሮ ነው የምሠራው። አለቃችን ስብሰባ ሲጨርስ «ግልጽ ነው?» ይላል፤ እኛም «ግልጽ ነው»። ወጥተን ኮሪደር ላይ «ምንድን ነው ያለው?» እንባባላለን። ፕላዝማው ተነሣ እንጂ አልተለወጥንም።

እውነቱን_ልናገር

ይቅርታ ያድርጉልኝ ጋሼ ጠመኔ፣ ያከበርኩት ሰው ነዎት፣ ግን ይኼ የጡረተኛ ምክር ነው። እኔ ዛሬም ክፍል ውስጥ ነኝ። ክፍለ ጊዜው 40 ደቂቃ፣ ተማሪው ሰባና ሰማንያ፣ ስም መጥራት ብቻ የሚበላውን ያውቁታል። «ንገረኝ» ብዬ አንዱን ሳዳምጥ ስልሳ ዘጠኙ ገበያ ይሆናል። ርዕሰ መምህሩ የሚጠይቀኝ ስንት ምዕራፍ ጨረስክ ብሎ ነው እንጂ ስንቱ ገባቸው ብሎ አይደለም። አንድ ለአምስት ተብሎ ተማሪው በቡድን ሲደራጅም አይተናል፤ አንዱ ሠርቶ ሌሎቹ ስም ጻፉበት። ደሞዙንስ ላንሣው? ከትምህርት ቤት ወጥቼ ሌላ ሥራ ካልገባሁ የቤት ኪራይ አይከፈልም።

የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ውጤት ትዝ ይላችኋል? ከተፈተኑት 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ ነው። ይኼ ሁሉ ልጅ ለአሥራ ሁለት ዓመት «አዎ» ሲል ነው የመጣው። አውቃለሁ። ግን መምህሩ «ገባችሁ?» ማለት ስላቆመ የሚቃና አይመስለኝም።

ሲስተር_ሽምብጥ

ጋሼ ጠመኔ፣ ፊዚክስ ላይ የሌለሁ ነበርኩ፤ ታንኳው ግን ገባኝ። (አዎ ብዬ ብቻ አይደለም!)

እኔ ጤና ጣቢያ ነው የምሠራው። የኛ ቤት «ገባሽ?» ሰው ይጎዳል። ልጇ ተቅማጥ ይዞት ለምትመጣ እናት ኦአርኤስ (ጨውና ስኳር ያለበት የሚበጠበጥ ዱቄት) እና ዚንክ እንሰጣለን። አንዱን ፓኬት በሙሉ በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ በጥብጪ፣ በ24 ሰዓት ካላለቀ ድፊው፣ ዚንኩን ተቅማጡ ቢቆምም እስከ 10 ቀን ስጪው። «ገባሽ እናቴ?» «አዎ፣ እግዜር ይስጥልኝ»። ነጠላዋን አስተካክላ፣ ልጇን አዝላ ትሄዳለች። ልጁ ብሶበት ስትመለስና ስትጠየቅ፣ አንዷ ፓኬቱ እንዳያልቅባት በቁንጥር እየከፈለች ሰጥታዋለች። ሌላዋ ሙሉውን ዱቄት በአንድ ብርጭቆ በጥብጣዋለች። ይኼኛው ይበልጥ ያስፈራኛል፤ ጨው ሲበዛበት የሕፃኑ ሰውነት ይብስ ይደርቃል። ዚንኩንማ ተቅማጡ ቆመ ብሎ ማቋረጥ የተለመደ ነው።

አሁን ጠረጴዛዬ ላይ ባዶ ሃይላንዶች አሉ፤ የሊትሩም የግማሽ ሊትሩም። ሊትር መለኪያ ቤቷ የለም፣ ሃይላንድ ግን የማይገባበት ቤት የለም። «ቤት ስትደርሺ የምታደርጊውን እዚህ አሳዪኝ» እላታለሁ። ትንሿን ካነሣች «ይቺ ከሆነች ስንቴ ትሞያታለሽ?» ብዬ «ሁለቴ» እስክትለኝ አልለቃትም።

ደግሞ አጠያየቁም ልዩነት አለው። «ገባሽ?» ካልኳት የምትፈተነው እሷ ናት። «እኔ በደንብ ነግሬሽ እንደሆነ ልየው፤ እስቲ መልሰሽ ንገሪኝ» ካልኳት የምፈተነው እኔ ነኝ። ይሉኝታዋ ይቀላታል። አልገባኝም ማለት እኛ አገር «አንቺ ማስረዳት አትችዪም» ብሎ መስደብ ይመስላልና ነው ሰው የማይለው፤ በተለይ የገጠር እናት ነጭ ጋዋን ለለበሰ።

ለወንድሜ እውነቱን ልናገር፦ የኔም ወረፋ ከበር ውጭ ነው። ግን ተመልሳ ስትመጣ ወረፋው ላይ አንድ ሰው ጨመርኩ እንጂ አልቀነስኩም።

የዋሸራው

ሳልጠራ ልግባ። ልጅነቴ ያለፈው ቅኔ ቤት ነው፤ ዋሸራ ካልኩ የጎጃም ሰው ያውቃል። የኔታ «ገባችሁ?» ሲሉ ሰምቼ አላውቅም። ምን ያደርግላቸዋል? እሳቸው ቅኔ ይዘርፋሉ፣ ምሥጢሩን ይተነትናሉ፤ ከዚያ ተማሪው ደበሎውን ለብሶ በየዛፉ ሥር ቅኔ ሲቆጥር፣ ማለትም የራሱን ሲያዘጋጅ፣ ይውላል። ተራው ሲደርስ የቆጠረውን ለየኔታ ይነግራል። የሚጀመረው ሁለት ቤት ካላት ጉባኤ ቃና ነው፤ ከዚያ ዘአምላኪየ፣ ሚበዝኁ እያለ እስከ መወድስ ይዘልቃል። ያልገባው የሚናገረው የለውም። ቤቱ ይሰበርበታል ወይም ሰሙ ከወርቁ አይገጥምለትም፤ የኔታም ሁሉ እየሰማ እዚያው ያቃኑታል። የቀደመው ተማሪ ደግሞ ለታናሹ አስነጋሪ ይሆናል፤ ስለዚህ እውነቱን ልናገር ያልከው የተማሪ ብዛት የቅኔ ቤቱም ችግር ነበር፣ ግን የኔታ ብቻቸውን አልተሸከሙትም።

ዘመናዊው ትምህርት ይቺን ብቻ ቢወስድ ይበቃው ነበር፤ በየቀኑ ተማሪው አንድ የራሱን ነገር ይዞ ይምጣ።

የኋላ_ወንበር

ወንድሜ፣ ቅኔ ቤቱን አሳመርከው፤ ፊደል ቤቱንስ? እኔም ሀሁን የቆጠርኩት የኔታ ፊት ነው፣ ልምጭ ከጎናቸው አይለይም ነበር። ጣታችን አንድ ፊደል ላይ፣ አፋችን ሌላ ላይ። ዜማውን ይዘን እንወርዳለን፤ መሐል ላይ «ይቺ ማን ናት?» ሲሉን አናውቃትም። ያው «አዎ!» ነው እኮ፣ ዜማ ተጨምሮበት።

የዋሸራው

እሱ እውነት ነው፤ ልምጩን አልከላከልም። ግን ተመልከት፣ «ይቺ ማን ናት?» ብለው ከመሐል ነጥለው የጠየቁህ ናቸው ያወቁብህ። ጥያቄውን ወስደን ልምጩን እዚያው እንተወው።

ክር_ቀጣይ

ልጆቼ ደህና ዋላችሁ። ይኼን የምትጽፍልኝ የልጅ ልጄ ናት፤ እኔ እነግራታለሁ፣ እሷ ትጽፋለች። ጋሼ የምትሉትን መምህር እኔ አንተ ልበለው፣ በዕድሜ ሳልበልጠው አልቀርም።

ባሕር ዳር የመጣሁት ለጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው ነው፣ በጣሊያን የጦር ካሳ ገንዘብ የተሠራው። ያኔ ከተማው ይኼ ሁሉ ዘንባባና ፎቅ አልነበረውም። የሽመናው ክፍል ጩኸቱ ሌላ ነው፤ አፍና ጆሮ ካልገጠመ ሰው አይሰማማም። ስለዚህ «ገባሽ?» የሚል የለም። አሠልጣኛችን ማሽኑን ያቆሙና ክሩን በጣታቸው ብጥስ አድርገው ዞር ይላሉ፤ ቀጥዪ ማለታቸው ነው። እቀጥላለሁ። ቋጠሮው ከወፈረ ክሩ የሚያልፍበት ጠባብ ጥርስ ላይ ይያዝና እንደገና ይበጠሳል። እንደገና። ጣቴ ቋጠሮውን ሳላየው ማሳነስ የለመደው እንደዚያ ሲበጥሱብኝ ነው። ሲናደዱ አላየኋቸውም፤ መበጠስ ብቻ።

ማንበብ የተማርኩትም ትልቅ ሰው ሆኜ በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ዘመቻው በ1971 ከተጀመረ በኋላ። ከፈረቃ ወጥተን ማታ እንማራለን፣ እንቅልፍ ያዳፋናል። ያስተማረን ልጅ የእኔን ልጅ የሚያክል ነበር። ገባችሁ ሲለን እኛም አዎ እንለዋለን፤ ልጁ እንዳይከፋው! እናንተ «አዎ»ው ሰላምታ ነው፣ ይሉኝታ ነው ብላችኋል። እኛ ለመምህሩ አዝነን ነበር። ማንበቤን ያወቅሁት ግን ፔሮል ላይ በአውራ ጣቴ ፈንታ ስሜን የጻፍኩ ለት ነው። ሒሳብ ሹሙ ቀና ብሎ አየኝ፤ የቀለሙን ማኅተም ከፊቴ አነሣው።

ጠመኔ

እትዬ፣ አንተ ይበሉኝ፣ ደስታዬ ነው። «ለመምህሩ አዝነን» ያሉት በዚህ ሁሉ ዘመን አስቤው የማላውቅ ነገር ነው። ስንት ክፍል አዝኖልኝ ይሆን!

እውነቱን ልናገር፣ ቁጣህን እቀበላለሁ። 3.3ቱን በመምህር ላይ ብቻ አልጭንም። እነዚያ ልጆች ኮሮና ትምህርት ቤት የዘጋባቸው፣ ብዙዎቹም ጦርነት ያለፈባቸው ናቸው። በኛ ክልል ከዚያም ወዲህ ደጁ ተዘግቶ የከረመ ትምህርት ቤት ስንት እንደሆነ አንተም እኔም እናውቃለን። ግን ያ ፈተና ከቀድሞው የተለየው ተማሪው ከሰፈሩ ወጥቶ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብቶ መፈተኑ ነው። ከጎኑ የሚያየው ሲያጣ የራሱን ብቻ ይዞ ቀረ። ያን ጊዜ የታየው ባዶነት የዚያ ዓመት ሥራ አይደለም፤ ከታች ጀምሮ «አዎ» እየተባለ የተዘለለው ነው። ከታች ማለቴን ያዝልኝ። 12ኛ ክፍል ላይ ሆነህ አንተ የምታመጣው ለውጥ ትንሽ ነው፤ 3ኛ ክፍል ላይ ያለችው መምህርት ግን ብዙ ትችላለች፤ ሁሉንም ትምህርት እሷው ስለምታስተምር ልጁን ቀኑን ሙሉ ታየዋለች።

ስለ ደሞዙ የምለው የለኝም። ትክክል ነህ።

ጀልባ_ነጂ

የኔ አጭር ናት። አዲስ ልጅ ስናሠለጥን ጠዋት ጠዋት ጣና እንደ ተኛ ነው፣ መሪ መያዝ ማንም ይችላል። ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ነው ሰው የሚለየው። ጣና ጥልቀቱ ብዙ አይደለም፣ ማዕበሉ አጭርና ቶሎ ቶሎ የሚመታ ነው፤ ጎንህን ከሰጠኸው ያናውጥሃል። ስለዚህ «ገብቶሃል?» አልልም። ሰው ሳንጭን ከሰዓት በኋላ ይዤው እወጣና መሪውን አስይዤ ዝም እላለሁ። ከእንጦስ ደሴት ወደ ከተማ ሲመለስ ወገቡን አያለሁ። ወገቡ ከደረቀ ገና ነው።

ጋሼ ጠመኔ ዝም ማለት እንዴት እንደሚከብድ ያውቃሉ መቼም፤ እጅ ይበላል።

ፔዳ_ምሩቅ

አንድ ነገር ቀረ፤ ሴቶቹ። እኔ ዓባይ ማዶ ሒሳብ ነው የማስተምረው። «ንገሩኝ እስቲ» ስል የሚነግሩኝ ሁልጊዜ እነዚያው ወንዶች ናቸው፣ ከፊት የተቀመጡት። «ዝም አይነቅዝም» ተብላ ያደገች ልጅ ሰማንያ ሰው ፊት ተነሥታ የተሳሳተ ነገር ከምትናገር ብትሞት ትመርጣለች። ወንዱ ቢሳሳት ይሳቅና ያልፋል፤ እሷ ግን እስከ ሰፈር ይከተላታል። ስለዚህ ጋሼ፣ «ንገሩኝ»ም ብቻውን «ገባችሁ?»ን ያክላል፤ ከሰማንያው «አዎ» ወደ አምስት ልጆች «አዎ» አሳነሱት እንጂ።

እኔ የማደርገው መጀመሪያ ሁሉም ይጽፋል፣ አንድ መስመር ብቻ። ከዚያ ከጎኗ ላለችው ታነባለች። ከዚያ በኋላ ነው የምጠራት፤ ስጠራትም «አንቺ ምን ትያለሽ?» አልልም፣ «ጓደኛሽ ምን ጻፈች?» ነው የምለው። የጓደኛዋን ስሕተት መናገር ማንንም አያሳፍርም። ያኔ ሲናገሩ ብትሰሙ፣ ክፍሉን የያዙት ወንዶቹ ናቸው ያለው ማነው ያሰኛል።

ጠመኔ

ይኼን እኔ አላደረግሁትም፤ ብማርበት ደስ ይለኝ ነበር። እጄ ላይ ክፍል የለም እንጂ።

አዲስ_መምህር

ጤና ይስጥልኝ። ዘንድሮ ነው የተመደብኩት፣ ፎገራ ሜዳ ላይ፣ ሩዝ አገር። 7ኛ ክፍል ሒሳብ፣ አሁን መቶኛ ላይ ነኝ። ከላይ ያለውን ሁሉ ሁለቴ አነበብኩት። ግን ሰኞ ጠዋት ገብቼ ምን ልበል? በዝርዝር ንገሩኝ እባካችሁ፤ እንደ እውነቱን ልናገር ክፍል ነው የኔም።

ጠመኔ

ልጄ፣ እንኳን ደህና መጣህ ወደ ሥራው። ሩዝ አገር ከሆንህማ ነገሩ እጅህ ላይ ነው። አታብራራ፤ ገብተህ ሰሌዳ ላይ አንድ ስሕተት ጻፍ፦ «የኩንታል ሩዝ ዋጋ 20 በመቶ ጨምሮ ተመልሶ 20 በመቶ ቢቀንስ ወደ ነበረበት ዋጋ ይመለሳል»። እውነት የሚል እጁን ያውጣ በል። እመነኝ፣ ጫካ ይሆናል። ልክ ነው፣ ስሕተት ነው አትበል፤ ፊትህንም አታሳያቸው፣ ልጅ ፊት ማንበብ ያውቅበታል። ከዚያ በ5000 ብር ጀምረው ሁለት ሁለት ሆነው ያስሉት። ሲጨምር 6000 ይሆናል። ሲቀንስ ግን ሃያ በመቶው የሚወሰደው ከ6000ው ነው፤ 1200 ሲወጣ 4800። ሁለት መቶው የት ገባ? እሱን እነሱ ይከራከሩበት፣ አንተ ዝም በል። ጀልባ ነጂው እንዳለው እጅህ ይበላሃል።

ሊወጡ ሲሉ ከደብተራቸው ጫፍ ቁራጭ ወረቀት ቀደው «ዛሬ የቱ ጋ ጠፋብኝ» የሚለውን በአንድ መስመር ጽፈው በሩ ላይ ይስጡህ። ሰማንያውን ማንበብ የለብህም። ከላይ አሥሩን ሳብ አድርገህ አንብብ፣ ሦስቱ አንድ ነገር ካሉ የነገው ትምህርትህ እሱ ነው።

ፔዳ_ምሩቅ

ሁለት ሁለት ስትል ማን ከማን እንደሚቀመጥ አንተ ወስን፤ ለእነሱ ከተውከው ጎበዝ ከጎበዝ ነው የሚሄደው።

እውነቱን_ልናገር

እጁን ሲያወጡ አንዱ የሌላውን አይቶ ነው የሚያወጣው። ዓይን አስጨፍናቸው። (እኔ ምክር አልሰጥም ብዬ ነበር፤ ይቺ አምልጣኝ ነው።)

አዲስ_መምህር

ተመልሻለሁ። ዓይን አስጨፈንኳቸው፤ ከአንድ ሁለት ልጅ በቀር ሁሉም «እውነት» አለ። ሁለት መቶው ሲጠፋ ተነሡብኝ፤ አንዱ «መምህር ደላላው ወሰደው» ብሎ ክፍሉን አሳቀው። ስሌቱን ሠርቶ ሠርቶ ግማሹ ገባው፣ ግማሹ አሁንም 1000 ነው የሚቀነሰው ይላል። ደወሉ ተደወለ፣ ሳልጨርስ ወጣሁ። ዲፓርትመንት ኃላፊው ከዕቅዱ ወደ ኋላ ቀርተሃል ብሎኛል።

ወረቀቶቹ ግን አስገረሙኝ። ብዙዎቹ ባዶ ናቸው ወይም «ሁሉም ገብቶኛል መምህር» ይላሉ። አራት ወረቀት ላይ ግን ስለ መቶኛ ምንም የለም፤ ከቀኝ ረድፍ የተቀመጡ ናቸው መሰለኝ፣ «ከመስኮቱ የሚገባው ብርሃን ሰሌዳው ላይ ያብለጨልጫል፣ አይታየንም» ይላሉ። መስከረም ላይ ነው የገባሁት እኮ። እስከ ዛሬ አንድም ልጅ አልነገረኝም።

እውነቱን_ልናገር

ዕቅዱን ነግሬሃለሁ። ምዕራፉን ማን ይጨርስልሃል አሁን?

ጠመኔ

የምዕራፉ መልመጃ ግማሹ ድግግሞሽ ነው፤ ቁጥሩ ይለወጣል እንጂ ጥያቄው አንድ ነው። ያንን ለቤት ሥራ ስጥና ሁለት ክፍለ ጊዜ ታተርፋለህ። ለኃላፊህም የተሠራውን መልመጃ አሳየው፣ አትከራከረው።

መስኮቱን ዛሬውኑ በካርቶን ሸፍነው፤ ሩዝ አገር ማዳበሪያ ጆንያም አይጠፋም። ወረቀቱ ላይ ስም አስጽፈህ ነበር?

አዲስ_መምህር

አዎ፣ አስጽፌ ነበር።

ጠመኔ

በሚቀጥለው አታስጽፍ። «ሁሉም ገብቶኛል» የሚሉት ይቀንሱልሃል።